ከተራራው የተመለሰችው ልጅ ፈሪ አይደለችም

ይህን ልተወው ነበር። ምን አገባኝ ብዬ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። አልሆነልኝም።

እዚህ ሳንጃ ያስተማርኳት ልጅ፣ አሁን ጎንደር ሥራ ይዛለች፣ ባለፈው ሳምንት ደወለችና «ቲቸር፣ እኔ ለካ ለእግር ጉዞ አልተፈጠርኩም» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ይቺ ልጅ እኮ ስምንተኛ ክፍል እያለች ከገጠር ቀበሌዋ በየቀኑ ሁለት ሰዓት በእግሯ እየመጣች ነው የተማረችው። ያውም በኮንጎ ጫማ፣ ያውም በሚያዝያ ፀሐይ። ነገሩን ስታወራልኝ ግን ሳቄ ጠፋ።

ከአንድ የጉዞ ቡድን ጋር ሰሜን ተራሮች ሄዳ ነበር። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ «ሀይኪንግ» መሆኑ ነው። ጠዋት ከጎንደር ተነሱ፣ በመኪና ደባርቅን አልፈው ማታ ጨነቅ አደሩ። በማግስቱ ማለዳ ወደ ቧሂት። ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ራሷን ይፈልጣት ጀመር፤ አስመለሳት። «ልመለስ» ስትል መሪው ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ተራራ ፈሪ አይወድም!» ሌሎቹ ሳቁ። አንዱ በስልኩ ቀረጻት። ከስካውቱ ጋር ወረደች። ስካውቱን እግዜር ይስጠው፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እኔም ቆላ ስወርድ እታመማለሁ» አላት። ከዚያ ሁሉ ሰው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጨነቅ 3,600 ሜትር ግድም ነው፤ ቧሂት ደግሞ ከ4,400 ይበልጣል። በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ወጥቶ ማደር ማለት ነው። የከፍታ በሽታን የሚያውቁ ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበት ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን ይታረፍ ይላሉ። የሚያማት አየሩ ስለሳሳና ሰውነቷ ለመልመድ ጊዜ ስላላገኘ ነው። ይህ ደግሞ ጉልበተኛውን ከደካማው አይለይም፤ ሯጩንም ይጥላል። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ሲጀምር መውጣት ይቆማል። ከባሰ መውረድ ነው። ሰውዬው መንገዳገድ ወይም መቀባጠር ከጀመረማ ሌሊትም ቢሆን ማውረድ ነው፤ ያለዚያ ይገድላል። እንግዲህ ከዚያ ቡድን ውስጥ ትክክለኛውን ነገር ያደረገችው ማን ናት? የሳቁባት ልጅ!

እኛ ቆለኞች ይህን ከማንም በላይ እናውቃለን። ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ አላየንም? አገሩ ላይ ዳገቱን እንደ ፍየል የሚወጣ ጎበዝ እዚህ ሲመጣ በሳምንቱ ሙቀቱ ያዞረዋል፣ ወባዋ ትጥለዋለች። «ፈሪ» ያለው ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። «አገሩን አልለመደውም» ነው የምንለው፤ ጥላ ሥር እናስቀምጠዋለን፣ ውሃ እንሰጠዋለን። ታዲያ የሳንጃ ልጅ ደጋ ወጥታ ስትታመም ምን ተገኘና ነው ስድብ የሚሆነው?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ወጣት አስተማሪ ሳለሁ ተማሪዎች ይዤ ቀትር ላይ ዳገት ስወጣ አንዱ ልጅ ደከመኝ አለ። «ወንድ አይደለህ? በርታ እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት። በረታልኝ፤ ጫፉ ላይ ደርሶ ወደቀ። ውሃ አፍስሰን፣ ጥላ ሥር አስተኝተን ተረፈ። ከዚያ ወዲያ ከእኔ ጋር የትም ሄዶ አያውቅም። እውነቱን ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ሰው ካልተገፋ አይለወጥም» ትሉኛላችሁ። ይሁን። የደከመውን ግፉት። ድካም ቁጭ ሲሉ፣ በሶ ሲበጠበጥ ይለቃል። ሕመም ቁጭ ቢሉም አይለቅም። ይህን ለይቶ የማያውቅ ሰው መሪ ነኝ ማለቱን ይተው። «ትችያለሽ! ትችያለሽ!» ብሎ መጮህማ ማን ያቅተዋል? ከጀማሪ ጋር ስትሄድ ቀድመህ የምትነግረው «የፈለግክ ሰዓት እንመለሳለን» የሚለውን ነው። መመለስ እንደሚችል ያወቀ ሰው ነው ዳገቱን ሳይጨነቅ የሚጀምረው። እንቢ ቢል እንደሚሳቅበት ያወቀ ግን እግሩ ሲዝል እንኳ አይናገርም፤ አደጋውም ያኔ ነው የሚመጣው።

ስለ ጫማውም ላንሳ፤ ደሞዟን ከፍላ የገዛችው አዲስ ቡትስ ተረከዟን ውሃ አስቋጥሯታል። አዲስ ጫማ መጀመሪያ ቤትና ገበያ ይለመዳል እንጂ ተራራ ላይ አይመረቅም። ለአጭር መንገድ የለመዱት ጫማ፣ ዱላና ሁለት ሊትር ውሃ ይበቃል።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። መጀመሪያ የምታውቀውን መንገድ፣ እዚሁ ሰፈሯን። እዚያው መንገድ ላይ ሦስት አራት ጊዜ። የት እንደሚደክማት፣ ውሃዋ የት እንደሚያልቅ፣ ትንፋሿ ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደሚመለስ ራሷ ትወቀው። በራስ መተማመን የሚባለው ነገር ከዚህ ሌላ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ቀጥሎ ጎንደር ላይ ከፒያሳ ቁስቋም ደርሶ መልስ። ከዚያ ወገራ፣ ኮሶዬ፤ እዚያ ከፍታው ይቀመሳል። ሰሜን ተራሮች ሲመጣ ደግሞ ደባርቅ አንድ ሌሊት፣ ሳንቃበር ሌላ ሌሊት። ቧሂት የትም አይሄድም። (መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳያጣሩ መነሳት ደግሞ በዚህ ጊዜ እብደት ነው፤ እሱን ለእናንተ አልነግርም።)

ልጅቷ ቅዳሜ እናቷን ለማየት ሳንጃ ትመጣለች። ለምኜ አሳምኛታለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን ወንዙን ይዘን እንሄዳለን፤ ፀሐዩ ሳይከር፣ ከ3 ሰዓት በፊት ቤት ገብተን ቡና። እናቷም እመጣለሁ ብለዋል፤ ከሁላችንም ቀድመው የሚሄዱት እሳቸው ይመስሉኛል። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አገር ቤት ያላችሁ፣ መምጣት ትችላላችሁ። የፈለጋችሁበት ላይ እንመለሳለን።

አንተ ቪዲዮ የቀረጽከው ልጅ፣ ይህ ከደረሰህ፦ አጥፋው። ደውለህም ይቅርታ ጠይቃት።