«ዘ ማይ ኦክስ» ለምን አይባልም?

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ዋጃ የተመደብነው ሠልጣኞች ለስድስተኛ ክፍል አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ፈተና አወጣን። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ላሟ ጠፋች» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ የሚል ነበር። እኛ በመልስ ወረቀታችን ላይ የያዝነው «ዘ ካው» የሚለውን ነው። አንዲት ተማሪ ግን «ሄር ካው» ብላ ጻፈች። ሳናመነታ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግንባት። ወረቀቱ በተመለሰ ዕለት ልጅቷ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እናቴ ላም አላት። የእናቴ ላም ብትጠፋ ጎረቤት ላሟ ጠፋች አይልም እንዴ?» ብላ ጠየቀችን። «መልሱ ዘ ካው ነው፤ ተቀመጪ» አልናት። ተቀመጠች።

ማታ ወደ ማደሪያችን ተመልሰን ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ የተሳሳትነው እኛ እንደሆንን ገባን። በአማርኛችን «ላሟ» ሁለት ነገር ነው። አንድም የምናውቃት ያቺ ላም፣ አንድም የእሷ ላም። «ቤቱ» ስንልም እንደዚሁ ነው፤ «በሬው»ም «ልጁ»ም እንደዚያው። ቃሉ ላይ የምትቀጠለው ምዕላድ አንዳንዴ እንደ እንግሊዝኛው «ዘ»፣ አንዳንዴ ደግሞ እንደ «ሂዝ» ወይም እንደ «ሄር» ታገለግላለች። የትኛው እንደሆነ የሚለየው በወሬው አካሄድ ነው። «ላሚቱ ጠፋች» ብለን ጠይቀን ቢሆን «ዘ ካው» ብቻ ይሆን ነበር፤ «የእሷ ላም» ብንል ደግሞ «ሄር ካው» ብቻ። እኛ ግን ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ አውጥተን አንዱን መልስ ብቻ ተቀበልን። የፈተና አወጣጥ ጉድለት ነው እንጂ የልጅቷ ጥፋት አይደለም።

ይህ ነገር ሌላም ስሕተት አስታወሰን። «ዘ ማይ ኦክስ»፣ «ዚስ ማይ ቡክ»፣ «ዋን ማይ ፍሬንድ» የሚሉ አጻጻፎች በተማሪዎቻችን ደብተር ብቻ ሳይሆን በእኛም በሠልጣኞቹ ወረቀት ላይ ይገኛሉ። መደበቅ አያስፈልግም። ከየት መጡ ብለን ስናስብ ከስንፍና የመጡ አይደሉም። አማርኛ ተናጋሪ «ቀዩ በሬዬ ታመመ» ይላል። ልብ በሉ፤ «ቀዩ» ላይ «ዘ» አለች፣ «በሬዬ» ላይ «ማይ» አለች። «ትልቁ ወንድሜ»፣ «ሁለቱ ልጆቼ»፣ «ይህ ቤቴ»፣ «አንድ ጓደኛዬ» ሁሉም ትክክለኛ አማርኛ ነው። በዋጃ ገበያ የሚሰማው ትግርኛም «እዚ ወደይ» ሲል ያው ነው፤ ጠቋሚውና አገናዛቢው አብረው ይሄዳሉ። እንግዲህ የእኛ አገር ቋንቋዎች በጥንድ እየጠመዱ ሲያርሱ የኖረ ልጅ እንግሊዝኛንም በጥንድ ቢጠምድ ምን ይገርማል?

እንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ የሚያርሰው በነጠላ ነው። ከስሙ በፊት ለእነዚህ ቃላት ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው። «ኤ»፣ «ዘ»፣ «ዚስ»፣ «ዛት»፣ «ማይ»፣ «ዩር»፣ «ሂዝ»፣ «ሄር» ሁሉም ለዚያች ወንበር ይሻማሉ፤ አንዱ ከተቀመጠ ሌላው ይቆማል። «ማይ ኦክስ» ያለ ሰው የትኛው በሬ እንደሆነ ተናግሯል፤ «ዘ» ብትጨመር የምትለው አዲስ ነገር የለም። ስለዚህ «ቀዩ በሬዬ» በእንግሊዝኛ «ማይ ሬድ ኦክስ» ነው፤ «ትልቁ ወንድሜ»ም «ማይ ኢልደር ብራዘር»። ቁጥር ከወንበሩ ኋላ ይመጣል፤ «ማይ ቱ ኦክስን» ይባላል። «ኦል» እና «ቦዝ» ግን ከወንበሩ ፊት ይቆማሉ፤ «ኦል ማይ ፍሬንድስ»፣ «ቦዝ ማይ ሃንድስ»። ይህን ቅደም ተከተል አብዛኞቻችን በልምድ እናውቀዋለን። ምክንያቱን ግን የነገረን አልነበረም።

በዚህ ላይ አንድ ሠልጣኝ «ታዲያ ዘ ፋርመርስ ኦክስ ሲባልስ? እዚያ ዘ አለች፣ ባለቤትም አለ» ብሎ ተከራከረን። ጥሩ ክርክር ነው። ነገር ግን «ዘ» የገበሬው ናት እንጂ የበሬው አይደለችም። ማስረጃው «ኤ ፋርመርስ ቱ ኦክስን» መባሉ ነው። «ኤ» ለሁለት በሬ መቼም አትሆንም፤ ለአንድ ገበሬ ግን ትሆናለች። ስለዚህ «ኤ ፋርመርስ» የሚለው በሙሉ ተጠቅልሎ በዚያች በአንዷ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ይህችን በሰሌዳ ላይ ብናሳይ ግማሽ ሰዓት አትፈጅም።

ሁለቱንም መናገር የፈለገ ሰውስ ምን ያድርግ? እንግሊዝኛ ለዚህ የጓሮ በር አለው። አገናዛቢውን ከፊት አንስቶ ወደ ኋላ ይወስደዋል። «አንድ ጓደኛዬ» ለማለት «ኤ ፍሬንድ ኦቭ ማይን»፣ «ይህ ጓደኛዬ» ለማለት «ዚስ ፍሬንድ ኦቭ ማይን» ይላል። በ«ማይ» ፋንታ «ማይን» መሆኑን ልብ ይሏል። ብዙዎቻችን ይህችን ሐረግ እንደ ፈሊጥ ቃል በቃል ሸምድደን ነው የያዝናት። ፈሊጥ ሳትሆን የወንበር እጥረት የወለዳት ናት።

«ዚስ ማይ» ማለት ከቶ ነውር ነው ብለን ተማሪውን ማሸማቀቅም ተገቢ አይመስለንም። በ1611 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በጠፋው ልጅ ታሪክ ውስጥ አባትየው ስለ ልጁ ሲናገር ጠቋሚውንና አገናዛቢውን አጣምሮ ያናግረዋል። ያኔ ይቻል ነበር፤ ዛሬ በፈተና ወረቀት ላይ አይቻልም። በናይጄሪያም «ዚስ ማይ» የሚል እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሞልቷል። ጣሊያኖች ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ «ዘ» እና «ማይ»ን ጎን ለጎን አስቀምጠው «ኢል ሚዮ» ይላሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የእንግሊዝኛ ልማድ ነው እንጂ የአእምሮ ሕግ አይደለም። ይህን ያወቀ ተማሪ ሲሳሳት አያፍርም።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንምጣ። በተቋማችን ውስጥ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ማንሳት እንደ ጥፋት ይቆጠራል። አንዳንድ መምህራን «በእንግሊዝኛ አስቡ እንጂ አትተርጉሙ» ይሉናል። ሐሳባቸው ከቅንነት የመነጨ መሆኑን አንጠራጠርም፤ ለሕፃናት ክፍልም ከሰዋስው ስም ይልቅ ንግግሩን ደጋግሞ ማለማመድ እንደሚሻል እንቀበላለን። ሆኖም ተማሪው ተከለከለም አልተከለከለም በልቡ ይተረጉማል። ልዩነቱ መምህሩ ትርጉሙን ማየቱና አለማየቱ ብቻ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ አድርጓል። እኛም ነገ የዋጃንና የቆቦን ልጆች የምናስተምረው ይህንኑ ነው። ልጆቹ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ሒሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል። በቀይ ኤክስ ብቻ የተሸኘ ልጅ በዚያ ጊዜ አፉን ለመክፈት ይፈራል።

ስለዚህ በበኩላችን የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ወረቀታችን ሲታረም ከኤክሱ አጠገብ ምክንያቱ በአንድ መስመር ይጻፍልን። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ደግሞ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የምናይበት ይሁን። የሚከራከሩን መምህራን ካሉ በዚሁ ግድግዳ ላይ ይጻፉልን፤ ቦታ አለ።

የልጅቷን ወረቀት በማግሥቱ ከክፍል ኃላፊያቸው ተቀብለን ነጥቧን ጨመርንላት። አንዷ ጓደኛዋ ግን ወዲያው «ታዲያ ለእኛስ፣ ዘ ካው ላልነው ይቀነሳል?» ብላ ጠየቀችን። አይቀነስም አልናት፤ ለምን እንደማይቀነስም ይህን ጊዜ በሰሌዳ ላይ ጽፈን አሳየናት።