በሽታውን የሚያስደብቀው ማነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። ግን በሽታን መደበቅ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ሲሆንስ?

በኮሮና ዘመን በአሜሪካ ነርሲንግ ሆሞች ስለደረሰው እልቂት ሲነሳ የሚሰጠን ምክንያት «አዛውንት ነበሩ፣ ደካሞች ነበሩ» የሚል ነው። ይህ ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ እኛ እናውቀዋለን። በዲሲ አካባቢም ሆነ በሲያትል እነዚህን አዛውንቶች ከሚያጥቡት፣ ከሚያጎርሱትና ከሚያገላብጡት እጆች መካከል የሐበሻው ጥቂት አይደለም። እኔም ሜሪላንድ ውስጥ በዚሁ ሥራ የምተዳደር ነኝ።

እስቲ መጀመሪያውን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ ሲያትል አጠገብ፣ ከርክላንድ በሚገኝ አንድ ነርሲንግ ሆም ወረርሽኙ ታወቀ። እስከ ማርች 18 ድረስ ከዚያ ቤት ጋር በተያያዘ 101 ነዋሪዎች፣ 50 ሠራተኞችና 16 ጠያቂዎች መያዛቸው ተረጋገጠ፤ ከነዋሪዎቹ 34ቱ ሞቱ። በዚያው ካውንቲ በሽታው የገባባቸው መሰል ተቋማትም 30 ደረሱ። የሲዲሲ መርማሪዎች ከዘረዘሯቸው ምክንያቶች መካከል ሁለቱ፣ ሠራተኞች እያመማቸው መሥራታቸውና ከአንድ ቤት በላይ መሥራታቸው ነበሩ።

ለመሆኑ አንዲት ሠራተኛ እያተኮሳት ለምን ሥራ ትገባለች? ለአዛውንቱ ስለማታዝን? በጭራሽ! ጠዋት አንዱ ቤት፣ ማታ ሌላው ቤት የምትሮጠው የአንዱ ደሞዝ የቤት ኪራይና አገር ቤት የምትልከውን ስለማይሸፍን ነው። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሕመም ፈቃድ ሕግ አላት፤ ሕጉ የሚያስገድደው ግን በዓመት 40 ሰዓት ብቻ ነው። በ2020 ለኮሮና የተጋለጠ ሰው ቤቱ እንዲቀመጥ የተነገረው 14 ቀን ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት በማርች 2020 ያወጣው የሕመም ፈቃድ ሕግም ከ500 በላይ ሠራተኛ ያላቸውን የግል ድርጅቶች አይመለከትም ነበር፤ የጤና ተቋማትም ሠራተኞቻቸውን ከሕጉ ውጭ ማድረግ ይችሉ ነበር። ጉድ በሉ! እኔ በነበርኩበት ቤት የአለቃችን መልስ አጭር ነበር፤ «ካልመጣሽ ሺፍትሽን ለሌላ እሰጣለሁ።»

በር ላይ ትኩሳት መለካት ይህን አይፈታውም። በዚያው ካውንቲ በሌላ ነርሲንግ ሆም ከተመረመሩ 76 ነዋሪዎች 48ቱ ቫይረሱ ተገኘባቸው፤ ከነዚህ 27ቱ በተመረመሩበት ዕለት ምንም ምልክት አልነበራቸውም። ስለዚህ አንድ ሰው ሲያዝ ነዋሪውንም ሠራተኛውንም በሙሉ መመርመር፣ የተያዘውን መለየትና ለሱ የሚመደበውን ሠራተኛ መነጠል ግድ ነው። ይህ ደግሞ ሰው ይፈልጋል። በሽተኛ ሠራተኛ ቤቷ ስትቀር የሚተካት ከሌለ መመሪያው ሁሉ ወረቀት ነው።

መፍትሔው የማይታወቅ አይደለም። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በማርች 2020 ሠራተኛው በአንድ ቤት ብቻ እንዲሠራ አዘዘች፤ ትእዛዙ እንዳይጎዳውም ደሞዙን አስተካከለች። እዚህ ግን ለአንድ ነዋሪ በቀን ቢያንስ 3.48 የእንክብካቤ ሰዓት እንዲመደብ በ2024 የወጣውን የፌዴራል ደንብ፣ በኤፕሪል 2025 የቴክሳስ ፍርድ ቤት ሻረው። የነርሲንግ ሆም ባለቤቶች ጠበቃ አቁመው ከሰሱ፤ ሠራተኛውስ ማን አለው?

ወገኖቼ፣ ስላገራችን ጉዳይ የኮንግረስን ደጅ መጥናት ለምደናል። ማኅበሮቻችን፣ ቤተ ክርስቲያኖቻችንና መስጊዶቻችን እስቲ ለዚህም ፊርማ ያሰባስቡ። የምንጠይቀው በወረርሽኝ ጊዜ ሙሉ ደሞዝ ያለው የሕመም ፈቃድ፣ ከአንድ ቤት የሚያኖር ክፍያ፣ በቂ ሠራተኛ ነው። ነገ በነዚያ አልጋዎች ላይ የምንተኛው እኛው ነን። ያኔ የምታጎርሰን ልጅ ስትታመም ቤቷ የመቅረት መብት እንዲኖራት ዛሬ እንነሳ።

ቸር ያሰንብተን!