በክረምት በጣና ዳር ስለሚደረግ የቤተ ሰብ ጉዞ

በፈረንጆች አገር መኝታና ማብሰያ በውስጡ የተበጀለት መኪና ይዞ ከባሕር ዳርቻ ወደ ባሕር ዳርቻ መዞር የታወቀ የዕረፍት ልማድ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን በዚህ ዓይነት ጉዞ ስላስለመዱ፣ ወደ አገር ቤት ሲመጡ ይህንኑ በጣና ዙሪያ ለማድረግ ይመኛሉ። ነገር ግን የልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በጣና ዝናቡ የሚበረታውም በእነዚሁ ወራት ነው። ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ስለሚገባ፣ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድነት ገዳማቱን ለመሳለም የሚያስቡት በዚያው ጊዜ ይሆናል። አያት ደግሞ የሚቀጥለውን ክረምት ላያዩ ይችላሉ። ስለዚህ «ክረምቱ እስኪወጣ ቆዩ» ብሎ ማሰናበት ለእነዚህ ቤተ ሰቦች በቂ መልስ መስሎ አይታየንም።

ከሁሉ አስቀድሞ የመንገዱ ሰላም ይጠየቅ። ከ2015 ዓ. ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ተጎድቷል፤ ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላልና በየቦታው ያለ ዘመድ ሳይጠየቅ ጉዞ አይጀመር። በሌሊት መንዳትና በመንገድ ዳር ማደር ፈጽሞ አይገባም።

የጣና መንገድ እንደ ፈረንጆቹ የባሕር ዳርቻ መንገድ ውኃውን ተከትሎ የሚዞር አይደለም። በግንቦት 2016 ዓ. ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ በሐሙሲት፣ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር የሚወጣው አስፋልት ሐይቁን የሚያሳየው ከሩቅ ነው። ውኃው አጠገብ ለመድረስ ከአስፋልቱ መውረድ ግድ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው። የፎገራና የደምቢያ ሜዳ መረሬ አፈር በመሆኑ ዝናብ ሲጠግብ ከባድ መኪናን እስከ ሆዱ ይውጣል። ርብና ጉማራም ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ በ1998 ዓ. ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በዚያ አገር ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሏል። መኪና ይዞ ለሚሄድ ቤተ ሰብ እንግዲህ የሚሻለው፣ መኪናውን በከተማ ወይም በጠጠር መንገድ ላይ አቁሞ የቀረውን በእግር መሄድ ነው። የዘጌ ጫካ ለዚህ የተመቸ ነው። አባ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ሰብረው ቢተክሏት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆና በቀለች ተብሎ ይነገራል፤ ዛሬም በዚያ በቡናው ጥላ ሥር ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የድንጋይ መንገድ ቢያዳልጥም አያሰምጥም። አያት ግን ምርኩዝና ደጋፊ ያስፈልጋቸዋል።

አሁን ስለ ማደሩ እንናገር፤ እጅግ የሚያስፈራን ነገር በዚህ ላይ ነውና። ዝናብ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ልብስ ይርሳል፣ ልጆች ይንቀጠቀጣሉ፣ እናትም ቡና ለማፍላትና መኪናውን ለማሞቅ የከሰል ማንደጃ ወደ ውስጥ ታስገባለች፤ ብርድ እንዳይገባም መስኮቱን ትዘጋለች። ይህ ሞት ነው። የፋመ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ያወጣል፤ ይህም ከደም ጋር ተዋሕዶ አየር እንዳይደርስ ይከለክላል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ያልፋል፤ የነቃውም ራሱን እያዞረው ከመቀመጫው ለመነሣት አቅም ያጣል። ከሰሉ ነጭ ዐመድ ስለ ለበሰ በረደ አይባልም። በአገራችን በቤት ውስጥ እንኳ በዚህ ምክንያት የሞተውን ሁላችንም ሰምተናል፤ መኪና ደግሞ ከማንኛውም ክፍል የጠበበ ነው። ስለዚህ ማንደጃው በውጭ በዳስ ሥር ይሁን፤ ለሙቀት ደረቅ ጋቢና ብርድ ልብስ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይያዝ። ሞተሩን አስነሥቶ መተኛትም እንደዚሁ አደገኛ ነው። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ካለ ዝናብም ቢሆን ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ።

የሚያድሩበት ስፍራ ከደንገሉና ከረግረጉ ራቅ ቢል መልካም ነው፤ በጣና ዳር የወባ ትንኝ አለችና አጎበር አይረሳ። ልጆችም በሐይቁ ዳር እንዳይዋኙና እግራቸውን እንዳይነክሩ ይከልከሉ፤ የቢልሃርዚያ ተሐዋስ በዚያ ውኃ ውስጥ ይገኛል። ለስንቅ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቆሎ ይበቃል። በባሕር ዳር ከተማ የሚጠበሰው ዓሣ ሽታው መንገደኛን ቢፈትንም ነሐሴ 16 ቀን ሩቅ አይደለም።

ስለ ጀልባ ብዙ አንጽፍም። ጣና ስፋቱ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢበልጥም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይዘልም፤ እንዲህ ያለ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ ፈጥኖ ይነሣል። ነፋሱና ነጎድጓዱም የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። በማለዳ ሄዶ ከቀትር በፊት መመለስ የሚቻልበት ቦታ ይመረጥ፤ ለልጆቹ በልካቸው መንሳፈፊያ ልብስ የሌለው ጀልባ ምንም ቢረክስ አይሳፈሩበት። ጀልበኛው «ዛሬ አይሆንም» ቢል ስለት አለብኝ ብሎ መከራከር አይገባም። ስለት በሌላ ቀን ይገባል፤ እመቤታችን ሕፃናትን በማዕበል ውስጥ ይዛችሁ ኑ አላለችም።

የሚሄዱበትም ገዳም አስቀድሞ ይታሰብበት። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ያሠራችው ናርጋ ሥላሴ ግን ቤተ ሰቡን በሙሉ ይቀበላሉ። ናርጋ ሩቅ ስለ ሆነ በክረምት ልጆችና አረጋውያን ላሉበት ቤተ ሰብ ዘጌን እንመርጣለን። የዐፄ ፋሲልን ዐፅም ለማየት ወደ ዳጋ መሻገር የሚፈልግ አባት ካለም ሌላ ቀን ለብቻው ይሂድ፤ ሚስቱና ሴቶች ልጆቹ በዝናብ ጀልባ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁት ሊውሉ አይገባምና።