ወተት ላይ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ላክቶሜትር ይቅደም

ከወልድያ እስከ መርሳ የወተት ነገር ሲነሳ የምንሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «መንግሥት ለምን ዋጋ አይቆርጥም?» ጥያቄው ይገባናል። መልሱ ግን ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጥበትን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ፣ ደረሰኝም እንዲሰጥ ያዛል። መንግሥት ለመሠረታዊ ዕቃዎች ዋጋ እንዲወስንም በር ይከፍታል። ሥልጣን የለም ማለት አይቻልም።

ችግሩ ወተት እንደ ስኳር መጋዘን አይገባም። በሀብሩ ቆላ ሙቀት ጠዋት የታለበ ወተት ማቀዝቀዣ ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። የተቆረጠው ዋጋ የፉርሽካና የፋጉሎ ወጪውን ካልሸፈነለት ደግሞ ገበሬው ምን ያደርጋል? ወተቱን ይንጠዋል። ቅቤ ይቆያል፣ ብርም ያወጣል። ያኔ ዋጋው ወረቀት ላይ አለ፣ ወተቱ የለም። የምትጎዳው ሕፃን የያዘች እናት ናት።

ሌላው ጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ፈላጊ ይቀንሳል፣ ለፋሲካ ደግሞ ይሻማል። እኛ ጋ ግን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ናቸው፤ ረመዳን ላይ ለማፍጠሪያ ወተት የሚፈልግ አለ። በ2017 ሁለቱም ጾሞች የካቲት ላይ ተከታትለው ገብተዋል። ለአዲስ አበባ የተሰላ ዋጋ እዚህ እንዳለ አይሠራም።

ታዲያ ቁጥጥር አያስፈልግም? በጣም ያስፈልጋል! ግን ከጥራቱ ይጀመር። አንድ ሊትር የላም ወተት ከ1,026 እስከ 1,032 ግራም ገደማ ይመዝናል። ውሃ ሲገባበት ይቀላል፤ ይህንን ላክቶሜትር ወዲያው ያሳያል። ብልጡ ነጋዴ ግን ቅባቱን ገፎ ውሃ ከጨመረበት መሣሪያውን ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ የቅባት ምርመራም አብሮ መኖር አለበት። ውሃ የተቀላቀለበት ወተት በ«ርካሽ» ቢሸጥም ውድ ነው።

የሌማት ትሩፋት በ2015 ሲጀመር ስለ ምርት ብዙ ተወርቷል። የተመረተው ወተት የት ይቀዝቅዝ፣ ማን ይመርምረው የሚለውስ? የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ሀብሩ ውስጥ ነው። ባለሙያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

እኛ የምንለው፦ በየሱቁ ዋጋ ይለጠፍ፣ መረከቢያው ላይ ወተቱ ይለካ፣ ማቀዝቀዣ ይቅረብ። የዋጋ ቆረጣው ከዚህ በኋላ ይምጣ።

እናንተ ወተት የምትገዙበት ቤት ዋጋ ለጥፏል? በውስጥ መስመር ጻፉልን።