ሐሙስ ስንተኛ ቀን ነው?

ነቀምት ጌም ቤት ደጃፍ ላይ ልጆች ጂቲኤ 6 እስኪወጣ ስንት ሳምንት እንደቀረ ይቆጥራሉ። ግማሾቹ ሳምንቱን ከሰኞ፣ ግማሾቹ ከእሑድ ስለሚጀምሩ አይስማሙም። ‹‹ሲስተር፣ ያስታርቁን›› አሉኝ።

ጌሙ ሁለቴ ተራዝሞ ለኅዳር 10 ቀን 2019 ዓ.ም. ተቀጥሯል፤ ቀኑ ሐሙስ ነው። ሐሙስ በግእዝ ከአምስት ቁጥር የመጣ ስም ነውና ቆጠራው ከእሑድ ይነሣል። ጤና ጣቢያ ግን የበሽታ ሳምንታዊ ሪፖርት የምንሠራው ከሰኞ እስከ እሑድ ነበር። ሁለቱም ልክ ናቸው አልኳቸው።

እኔን ያሳሰበኝ ዕድሜያቸው ነው። አንዳንዶቹ አሥራ ሁለት እንኳ የሞላቸው አይመስሉም። ተኩስና ዝርፊያ የበዛበት የቀድሞው ጂቲኤ 5 በአውሮፓ የተመደበው ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ ኅዳር ሳይገባ ጌም ቤቱ ጎራ ብላችሁ ባለቤቱን ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚያጫውት ጠይቁት። የዚያን ሐሙስ የመኝታ ሰዓትም ከልጁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በማግሥቱ ዓርብ ትምህርት አለ።