ቴምብሩን ከፖስታው አትላጡት

በ1954 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መታሰቢያ ባለ 4 እና ባለ 11 ሳንቲም ቴምብሮች አወጣ። ያሳተመባቸው የአዲስ አበባውን አፍሪካ አዳራሽ ምስል ነበር። ዋጋቸው ግን በአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ ለጥፎ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መላክ አይቻልም። ድርጅቱ የራሱን ቴምብር ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 በኒው ዮርክ ሲሆን፣ በ1969 ጄኔቭ፣ በ1979 ደግሞ ቪየና ተጨምረዋል። ቴምብሮቹ የሚያገለግሉት ከእነዚሁ ጽሕፈት ቤቶች ለሚላክ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ስለዚህ በአዲስ አበባ ፖስታ ቤት በኩል የወጣ የኮሚሽኑ ፖስታ ጥግ ላይ «ፖ.ሣ.ቁ. 3001» ይነበባል፤ የተለጠፈው የኢትዮጵያ ቴምብር ነው፤ በላዩ የአዲስ አበባ ማኅተም ተመትቶበታል። ላኪው፣ ከፋዩና ቀኑ የሚገናኙት ፖስታው ላይ ነው። ቴምብሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚያላቅቅ ሰብሳቢ አልበሙን ያሳምር ይሆናል፤ የደብዳቤውን ጉዞ ግን አጥፍቶታል።

ፖስታን ከነቴምብሩ የማቆየት ጉዳይ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችውን ከሚሴንም በቀጥታ ይመለከታል።

የኢትዮጵያ ቴምብር በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተጀመረ ነው። አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችውም በ1901 ዓ.ም. ነው። የቴምብሩን ታሪክ አዲስ አበባ ያለው የፖስታ ሙዚየም ይዞታል። የከሚሴን፣ የባቲንና የሰንበቴን ስም የሚይዘው ግን የአካባቢው ማኅተምና አድራሻ ነው፤ ይህን የሚያስቀምጥ ያስፈልጋል። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የክልሉ አማርኛ። ከከሚሴ ወደ ባሕር ዳር የሚላክ ደብዳቤ በሁለት ቋንቋና በሁለት ፊደል መካከል ይጓዛል። የዞኑን አስተዳደር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ነገ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ፖስታ ነው። ለዕርዳታና ለጤና ሥራ ወደ ወረዳዎቹ ከመጡ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የተላኩ ፖስታዎችም እንዲሁ።

አሁን የመሥሪያ ቤት ጉዳይ በኢሜይልና በቴሌግራም ያልቃል፤ ደብዳቤም ቢሆን በሰው እጅ ይላካል። በመዝገብ ቤት የቀሩት የድሮዎቹ ናቸው፤ መደርደሪያ ሲጠብ መጀመሪያ የሚጣለው ደግሞ ባዶ ፖስታ ነው።

ደብዳቤው የመሥሪያ ቤት ምስጢር ሊሆን ስለሚችል በፋይሉ ይቆይ፤ የግለሰብ ስምና አድራሻ ያለበትም ፖስታ ለሕዝብ አይታይ። የቀረውን ግን የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ከመዝገብ ቤቶች ቢረከብ፣ የትምህርት ቤት ክበባትም ቢለዩት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ፕላስተር አይለጠፍበት፤ ፀሐይና እርጥበት አይንካው፤ የተገኘበት መሥሪያ ቤት በእርሳስ ከጀርባው ይጻፍ። ሥራው ከከሚሴ ቢጀመር ይሻላል፤ የዞኑ መምሪያዎች ያሉት እዚያ ነውና። ባቲ፣ ዳዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋና ደዌ ሐረዋ ይከተላሉ።