ቴሌስኮፑን አትወልውሉት፤ ማኅደር ስጡት

ዛሬ ከሰሞኑ ወሬ ትንሽ ወጣ ብለን ስለ አንድ መስታወት እናውራ። ጉዳዩ ግን እዚህ ደጋግመን ካነሳነው ጥያቄ የራቀ አይደለም፦ ስንት ገንዘብ የወጣበት ዕቃ በአገራችን ለምን ቶሎ ከጥቅም ውጭ ይሆናል? የተለመደው መልሳችን «ግዴለሽነት ነው» የሚል ነው። እኔ ያየሁት ግን በግዴለሽነት ሳይሆን በፍቅር የተበላሸ ዕቃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገሳይ ተወልደን ያደግን፣ አሁን አዲስ አበባና ውጭ አገር የምንኖር ልጆች ከጥቂት ዓመታት በፊት ገንዘብ አዋጥተን በዚያው አካባቢ ላለ አንድ ትምህርት ቤት ቴሌስኮፕ ላክን። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። ቴሌስኮፑ ትንሽ ነው፤ የመስታወቱ ስፋት 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የርክክቡ ዕለት ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ቪዲዮ ተቀረጸ። ማታ ላይ ተማሪዎቹ ተሰልፈው ጨረቃን አዩ። አንዲት ልጅ ዓይኗን ከሌንሱ ሳትነቅል «የጉልጓሎ መሬት ትመስላለች!» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ እውነቷን ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቤተሰብ ልጠይቅ ስሄድ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ አልኩ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ፣ በዕድሜ የገፉ አባት፣ ቴሌስኮፑን በሁለት እጃቸው አቅፈው አወጡልኝ። ቱቦው ያብለጨልጫል። «ልጄ፣ አንድ ቀን አቧራ አሳድሬበት አላውቅም» አሉኝ። ለካ በየሳምንቱ ዓርብ ከግርጌው ያሉትን ብሎኖች ፈትተው፣ መስታወቱን አውጥተው፣ በታጠበ ነጠላ ይወለውሉት ነበር። በዚያ ምሽት ጨረቃ በጭስ ቤት በር የምትታይ መሰለች። ጉልጓሎው ጠፍቷል። መስታወቱን አውጥተን የእጅ ባትሪ ስናበራበት ፊቱ ከዳር እስከ ዳር በቀጫጭን ጭረቶች ተሞልቷል።

እኒህን አባት ማን ይወቅሳቸዋል? እኛ ስንልክ አንዲት ገጽ የአማርኛ መመሪያ አላያያዝንም። ማስቀመጫ ሣጥን አልላክንም። ዕቃውንና ካሜራውን ይዘን ሄድን፣ ካሜራውን ይዘን ተመለስን።

እስቲ ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ እንየው። በቤታችን መስታወት የሚያንጸባርቀው ቅብ ያለው ከብርጭቆው ጀርባ ነው። ስንወለውል የምንነካው ብርጭቆውን እንጂ ቅቡን አይደለም። በቴሌስኮፕ መስታወት ግን ቅቡ ያለው ከፊት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ሲሆን ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺህኛ ገደማ ነው፤ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ብዙ መቶ ጊዜ ይቀጥናል። በላዩ የሚያርፈው አቧራ ውስጥ ደግሞ ጠንካራ የድንጋይ ብናኝ አለ። ደረቅ ጨርቅ ያንን ብናኝ ቅቡ ላይ ሲጎትተው የብርጭቆ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። ነጠላው የቱንም ያህል ንጹሕና ለስላሳ ቢሆን ለውጥ የለውም፤ የሚፍቀው ነጠላው ሳይሆን አቧራው ነውና።

ብዙ ሰው ለማመን የሚቸገረው ነገር ይኸው ነው፦ አቧራው ራሱ ያን ያህል አይጎዳም። ከመስታወቱ ፊት አንድ መቶኛውን አቧራ ቢሸፍነው የሚቀነሰው ብርሃንም በዚያው ልክ ነው፤ ዓይናችን ልዩነቱን አይለየውም። አቧራ በኋላ ይታጠባል። ጭረት ግን አይታጠብም፤ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ይበትናል፣ ምስሉን ያደበዝዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው የእንክብካቤ ሕግ አለመንካት ነው።

ታዲያ እንዲሁ ይተው ማለት ነው? አይደለም። በእኛ ደጋ ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። ገሳይን የሚያውቅ ሰው የጉናን ጉም ያውቀዋል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ በክረምት አንዳንድ ቀን ጎረቤት ለጎረቤት አይተያይም። በብርድ ውጭ ያመሸ ቴሌስኮፕ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ ጤዛ ይይዘዋል። ከነጤዛው ከከደኑት እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያ ሻጋታ ይመጣል። ሻጋታ ሌንስ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል፣ ከቆየም ቅቡንና ብርጭቆውን ይበላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ክዳኑን ሳይገጥሙ፣ የቱቦውን አፍ ወደ ታች ዘንበል አድርጎ ጭስ በሌለበት ክፍል ማድረቅ፤ ሲደርቅ መክደን፤ ሣጥኑ ውስጥ በአዲስ ጫማ ካርቶን የምናገኛትን እርጥበት የምትስብ ከረጢት፣ ሲሊካ ጄሏን፣ ማስቀመጥ።

ቶሎ ቶሎ የሚቆሽሸው ዓይን የሚጠጋው ትንሹ ሌንስ ነው። የሽፋሽፍት ወዝ፣ ኩል፣ ከፀጉር የወረደ ቅቤ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። እሱም ቢሆን በሸሚዝ ጫፍ፣ በሶፍት ወይም በሳኒታይዘር አይጠረግም። መጀመሪያ በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ አቧራውን ማስወገድ፤ በአፍ መንፋት አይሆንም፣ ምራቅ ይረጫል። ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ። ወዙ ካልለቀቀ ብቻ ንጹሕ ጥጥ በሌንስ ማጽጃ ፈሳሽ በትንሹ አርጥቦ ሳይጫኑ ከመሐል ወደ ዳር ማሳለፍ። ፈሳሹ ጥጡ ላይ እንጂ ሌንሱ ላይ አይንጠባጠብም። አንድ ጊዜ ያለፈ ጥጥ ይጣላል።

ትልቁ መስታወት መታጠብ የሚያስፈልገው ከስንት ዓመት አንዴ ነው፤ እሱም በሠለጠነ ሰው። አጣቢው እጁ ላይ ያለውን ቀለበት ያወልቃል፣ አቧራውን በሚፈስ ውኃ ያስወግዳል። ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በገባበት ዲስቲልድ ውኃ የራሰ ጥጥ በራሱ ክብደት ብቻ እንዲያልፍበት ያደርጋል። በመጨረሻ በዲስቲልድ ውኃ አለቅልቆ በጠርዙ አቁሞ ራሱ እንዲደርቅ ይተወዋል። ተመልሶ ሲገጠም አቅጣጫው መስተካከል ስላለበት ብሎን መፍታት የሚችል ሁሉ አይሞክረው።

አንድ ነገር ግን ከዕቃ መበላሸት ያለፈ ነው። ብዙዎቻችን ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በላሊበላ ሰማይ የቀለበት ቅርጽ የያዘችበትን ግርዶሽ እናስታውሳለን። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ በግብጽ፣ በሳዑዲና በየመን ሙሉ፣ በአገራችን ከፊል ሆኖ የሚታይ ግርዶሽ አለ። ደመናው ከፈቀደ ተማሪዎች ያንን ለማየት ይወጣሉ። ከቴሌስኮፕ ፊት የሚገጠመው የፀሐይ ማጣሪያ ስስ ነው፤ በውልወላ የተጫረ ወይም የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን የምታሳልፍ ነጥብ ያለው ከሆነ የልጅን ዓይን በቅጽበት ሊያጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለው ማጣሪያ ይጣላል እንጂ አይጠገንም። ከመጠቀም በፊት በብርሃን አንጻር አንስቶ መፈተሽ ግዴታ ነው። ይህንን በኃላፊነት የሚሠራ ሰው በየትምህርት ቤቱ አለን?

«አለመንካት»፣ «ማድረቅ»፣ «ኃላፊ መሰየም» ሲባል ከውጭ የመጣ ዘመናዊ አሠራር ይመስላል። እስቲ ወደ ደብራችን እንግባ። ደቡብ ጎንደር የድጓው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ያሉበት አገር ነው። የብራና መጻሕፍት ብዙ ክረምት አልፈው እዚህ የደረሱት በየሳምንቱ ስለተፈተጉ አይደለም። ማኅደር ስላላቸው፣ ከመሬት ከፍ ብለው ስለሚሰቀሉ፣ ማንም እንዳሻው ስለማያወጣቸው፣ ከሁሉም በላይ በቆጠራ ተረክቦ በቆጠራ የሚያስረክብ ዕቃ ቤት ስላላቸው ነው። ጥበቃ ማለት ዕቃውን ማሸት ሳይሆን ማደሪያ መስጠት መሆኑን አባቶቻችን ያውቁ ነበር። እኛ ግን መጽሐፉን በማኅደር፣ ቴሌስኮፑን በነጠላ ያዝነው።

ታላላቆቹም የሚኖሩት በዚሁ ሕግ ነው። በ1781 እ.ኤ.አ. ዩራነስን ያገኘው ዊልያም ሄርሼል የሚጠቀምባቸው መስታወቶች ከብረት ቅይጥ የተሠሩ ስለነበሩ በእንግሊዝ እርጥበት ይጠቁሩበት ነበር። ለትልቁ ቴሌስኮፑ ሁለት መስታወት አዘጋጀ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይታደሳል። በአህጉራችን በደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ ያለው «ሳልት» የተሰኘው ግዙፍ ቴሌስኮፕ ባለ ስድስት ጎን 91 መስታወቶች አሉት። በየተራ እየተነቀሉ ይጸዳሉ፣ አሉሚኒየማቸውም እንደገና ይቀባል። እዚያ እድሳት የሥራው አካል ነው፤ ሲበላሽ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

እኛም እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። በላሊበላ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ ከዚያ የሚበልጥ የምልከታ ጣቢያ የመትከል ሐሳብም ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። ማንንም ልከስ አልመጣሁም። ጥያቄዬ ግን ግልጽ ነው፦ ስለ አዲስ ግዢ ስንሰማ ስለ መስታወት እጥበት፣ ስለ ቅብ እድሳትና ስለ ቴክኒሻን ሥልጠና የተያዘው በጀትም አብሮ ይነገረን። የአንድ ሜትር መስታወት ከክረምት ጉምና ከከተማ ጭስ ጋር የሚኖር ከሆነ ተንከባካቢው እንደ ተመራማሪው መታሰብ አለበት።

ይህ ለእኛ አካባቢ የቆየ ቁስል ነው። በደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ሴባስቶፖልን አቀለጡ። መድፉ ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ሙያው ግን ጋፋት ላይ አልቀጠለም። ብረቱ ቀረ፣ እጁ ጠፋ። እኛ ዛሬ ቴሌስኮፕ ልከን ሙያውን ሳንልክ ስንቀር የምንደግመው ይህንኑ ነው።

«ሰው በጸጥታ ችግር መከራውን እያየ፣ ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ በከረመበት ክልል ስለ መስታወት ታወራለህ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔንም ያመኛል። ነገር ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤተ ሙከራውም ይዘጋል። አየር በማይገባበት ክፍል ክረምት ከክረምት የተቀመጠ ማይክሮስኮፕ ሌንሱን ሻጋታ ይበላዋል። ልጆቹ ሲመለሱ የሚያገኙት ምን እንደሆነ አሁን ካላሰብን ነገ እንደገና ለልመና እንወጣለን። ደግሞም የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም ማለት ይቻላል፦ አንድ ሣጥን፣ አንድ የጎማ መንፊያ፣ ጥቂት ሲሊካ ጄል፣ አንድ ገጽ ወረቀት።

ስለዚህ ለለጋሾች፣ በተለይ እንደ እኛ ላሉ የአገር ልጆች ማኅበራት፦ ማስቀመጫ ሣጥንና የአማርኛ መመሪያ ያልተያያዘበት ዕቃ አትላኩ። ለትምህርት ቤቶች፦ ለእያንዳንዱ ሌንስ ላለው መሣሪያ በስም የሚታወቅ አንድ ተረካቢና የርክክብ መዝገብ ይኑር። ለትምህርት ቢሮዎች፦ የቤተ ሙከራ ቆጠራ ስታደርጉ «አለ» ወይም «የለም» ብላችሁ አትለፉ፤ «ያሳያል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በዙሪያው ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች፦ የፊዚክስ መምህራኖቻችሁ በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ በወረዳዎቹ ዞረው መሣሪያ ቢፈትሹ ከብዙ ዐውደ ጥናት ይበልጣል።

ገሳይ ለብርሃን ከተሞች ሩቅ ናት። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኗ የሰሜን ኮከብም የደቡብ መስቀልም ይታይባታል፤ አውሮፓ ያለ ልጅ ሁለተኛውን ከቤቱ አያየውም። ሰማዩ ተሰጥቶናል። የጎደለን መስታወቱን መያዝ ነው።

በመጨረሻ ለዚያው ቴሌስኮፕ ሌላ መስታወት አግኝተን፣ በዚህኛው ዙር ከነሣጥኑና ከነመመሪያው ወሰድን። እኒያ አባት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ድሮ የደብራቸው ዕቃ ቤት ሆነው ያገለገሉ ኖሯል። ሣጥኑን ቀስ ብለው ከደኑና «እንዲህ አትሉኝም ኖሯል! መጽሐፍ ነው እንጂ ድስት አይደለማ» አሉ።

እናንተም በአካባቢያችሁ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ቴሌስኮፕ ወይም ማይክሮስኮፕ ካለ በዚህ ሳምንት ጠይቁ፦ የት ነው ያለው? ማን ተረክቦታል? ያሳያል? መልሱን ከታች ጻፉልን፤ ለሚመለከታቸውም አጋሩ። ብቻ እባካችሁ አትወልውሉት።